የሶስት ጎጆ ባንድ ዘጠነኛዋ ሲዲ

ከድሩን የገደለው ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ሰባት ጊዜ ነው የመታው። ኢንስፔክተር ተረፈች ጎንበስ ብላ ቁስሎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ ከጎኗ የቆመው ሳጅን ሄመን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሄመን ፈሪ አይደለም፤ በሥራው ብዙ ሬሳ አይቷል። ነገር ግን የሰው ጭንቅላት እንደ ቅል ተፈርክሶ፣ አንድ ዓይን ብቻ ተርፎ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ፣ ዞር የማይል ማን አለ?

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነበር። ቦታው ቡራዩ፣ ከታ፤ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ሱቅ ናት። ከድሩ በዚያች ሱቅ ድሮ ፊልምና የዘፈን ሲዲ ያከራይ ነበር። ዘመን ሲለወጥ፣ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ መዞር ሲጀምር፣ እሱም ሞባይል ጠጋኝ ሆነ። ማከራየቱን ተወ እንጂ ሲዲ መውደዱን አልተወም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ «ሶስት ጎጆ» የሚባለውን ባንድ ነበር። የባንዱ ልጆች ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሰባስበው ያቋቋሙት ስለሆነ ነው ስሙ እንዲያ የወጣለት። ባንዱ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ክሊፖቹ በዘጠኝ ሲዲ ወጥተው ነበር፤ ከድሩ ስምንቱን ይዞ ዘጠነኛዋን ሲፈልግ ጠጉሩ ሸበተ።

አሁን እነዚያ ሲዲዎች ከሌሎች አሮጌ ሲዲዎች ጋር ከማቀፊያቸው ወጥተው ሲሚንቶው ላይ ተነጥፈዋል። መሳቢያው ተጎልጉሏል። ካርቶን የተባለ ሁሉ ተገልብጧል።

«የተመታው በዚህ ነው» አለ ሄመን። ከጠረጴዛው ስር የወደቀ የመብራት ስታብላይዘር ነበር፤ የብረቱ ጥግ ላይ ደምና ጸጉር ተጋግሮበታል።

«ስልኮቹስ?»

«አንድም አልተነካ። ደንበኛ ለጥገና የሰጠው ሁሉ መስታወቱ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው ሰውዬው ሲዲ ነው የሚፈልገው» አለች ተረፈች። አጭር ሴት ናት፤ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። አረማመዷን ያየ ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች ይላታል እንጂ ነፍሰ ገዳይ ታድናለች አይልም። ደሙን ላለመርገጥ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁጢጥ አለችና መሬቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «አርባ ሶስት ናቸው። እስቲ እያቸው፣ ሄመን። ምን ይታይሃል?»

«ተበታትነዋል።»

«ሌላስ?»

«ደም ነክቷቸዋል።»

«ለእኔ ስዕል ነው የሚታየኝ።»

ሳጅኑ አልገባውም። ልጆቼ፣ እናንተም ሲዲ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ሲዲ ሁለት ፊት እንዳለው ልንገራችሁ፤ በአንዱ በኩል እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ በሌላው በኩል ስዕልና ስም ታትሞበታል። አርባ ሶስቱም ስዕላቸውን ወደ ላይ፣ ብልጭልጩን ወደ ሲሚንቶው አድርገው ነበር የተኙት።

«ዘውድና ጎፈር ተጫውተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«በልጅነቴ።»

«ሳንቲሙን አርባ ሶስት ጊዜ ወርውረህ አርባ ሶስቴ ዘውድ ወጥቶልህ ያውቃል?»

 የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ኦቦ ኦዳ ዱቄት እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመዋል። ተረፈች ወደ እሳቸው ዞራ፣ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ኦዳ» አለቻቸው።

«ምን ማደር አለ፣ ልጄ! ጎረቤቴ እንደ በግ ታርዶ!»

«ጩኸት አልሰሙም?»

«ቅዳሜ ገበያ አይደለም እንዴ? ወፍጮው ከንጋት ጀምሮ ያገሳል። መልአከ ሞት ራሱ ስሜን ቢጠራኝ 'ወረፋህን ጠብቅ' ነው የምለው። ሚስቱ ረምዚያ በሶስት ሰዓት ቁርሱን ይዛ መጥታ ሳህኑን ስትጥለው፣ እሱንም ያየሁት እንጂ የሰማሁት አይደለም።»

ገና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከአስፋልቱ በኩል ሆታ ተሰማ።

ሰላሳ የሚሆኑ ጎረምሶች አንድ ሰው መሬት ለመሬት ይጎትታሉ። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠፍተዋል፤ ሸሚዙ ከትከሻው ተቀዶ ቆዳው ተልጧል። ከፊት ሆኖ የሚመራቸው የሟቹ ታናሽ ወንድም አክመል ነው። አክመል የሰውየውን ቀኝ እጅ በጫማው የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ረግጦ ያዘ፤ ሌላ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ።

«በዚህ እጅህ ነው! በዚህ!»

ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ወረደ። አጥንት ሲደቅ እስከ ሱቁ በር ተሰማ። ሄመን ወደ ሰማይ ሲተኩስ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። አክመል ግን አልሸሸም፤ ለሶስተኛ ጊዜ አነሳ። ተረፈች መጥታ ከድንጋዩ ስር ገባች።

«ይኸው። ጣለው እንግዲህ» አለችው።

አክመል ድንጋዩን ወደ ጎን ወረወረ። «ጌዲ ነው የገደለው! ትናንት ከጁምዓ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ 'እገልሃለሁ' ብሎታል። ለአንዲት ሲዲ ብሎ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ ወንድሜን እቀብራለሁ። ከቀብር ስመለስ ይሄን ሰው ትሰጡኛላችሁ። ካልሰጣችሁኝ ጣቢያችሁ ድረስ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ብቻህን?»

«ሰፈሩን ሙሉ ይዤ።»

ተረፈች ሰዓቷን አየች። «እንግዲያው እስከ ቀብር ድረስ ጊዜ ሰጥተኸኛል ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጌዲ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። በክሊኒኩ አልጋ ላይ እጁን አንጠልጥለውለት ነበር፤ ሶስት ጣቶቹ ተሰብረዋል። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል።

«'እገልሃለሁ' ብለኸዋል?» አለችው ተረፈች።

«ብያለሁ። አፌ ነው ያለው።»

«በምን ምክንያት?»

«ከድሩ ዘጠነኛዋን ሲዲ ረቡዕ ዕለት ሆለታ፣ የተዘጋ ቪዲዮ ቤት ካርቶን ውስጥ አገኛት። እሷ ክሊፕ ላይ እህቴ አቤኒ አለች። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ትጨፍራለች። ክሊፑ በወጣ በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተችብኝ።»

«ፎቶ የላትም?»

«አላት። ፎቶ አይንቀሳቀስም።» ያበጠ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «ስጠኝ አልኩት። 'እሑድ ሶስታችን ሆነን ሳናያት ከዚህ ቤት አትወጣም' አለኝ። እነሱ እንዲያ ነው ልማዳቸው፤ አዲስ ያገኘ ሰው ብቻውን አይከፍትም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሰብሰብ ብለው ነው የሚያዩት። እኔ ግን ተናደድኩ። ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ ለእኔ እህቴ ናት።»

«ሶስቱ እነማን ናቸው?»

«ከድሩ ከዚህ፣ ጀዋሂር ከሰበታ፣ ኦቦ ሞቱማ ከሱሉልታ።»

ተረፈች ከቦርሳዋ አንድ ሲዲ አውጥታ በደህናው እጁ አስያዘችው። «ይሄ ስንተኛው ነው?»

«ስምንተኛው» አለና ብልጭልጩን ወደ ላይ አድርጎ አንሶላው ላይ አኖረው። ሊወጣ የፈለገ እንባ በእብጠቱ ውስጥ መንገድ አጥቶ ቀረ። «ነገ ይገድሉኛል፣ አይደል?»

«እኔ ሳልሞት አይደለም» አለችው።

ተረፈች ረምዚያን ያገኘቻት በከድሩ ቤት፣ ከለቀስተኛ ሴቶች መሃል፣ ፍራሽ ላይ ነው። ወደ ጓዳ ይዛት ገባችና በሩን ዘጋች። ረምዚያ አላለቀሰችም። እንባዋ ጠዋት አልቆ ነበር።

«የኔ እህት፣ አሁን መጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የዚያ ልጅ ነፍስ በነገ ተንጠልጥላለች።»

«ጌዲ አልገደለውም» አለች ረምዚያ።

«በምን አወቅሽ?»

ረምዚያ ከትራሷ ስር ከግራምጃ ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት አወጣች። አንዱ ጎኗ ገና አልተሰፋም፤ መርፌው ከነክሩ ተሰክቶባታል። ከውስጧ ሲዲ ወጣ። ዘጠነኛዋ ነበረች።

«ትናንት ከሱቅ ይዟት ገባ። 'ልጁን በሰው ፊት አሳፈርኩት' ብሎ ራት አልበላም። 'እሑድ አንዴ እናያታለን፣ ከዚያ ዋናዋን ለጌዲ እሰጣታለሁ፤ የሰው እህት መደርደሪያ ላይ አትቀመጥም' አለኝ። 'እንዲያው ያለ ማቀፊያ አልሰጠውም፣ ከረጢት ስፊላት' አለኝ። እየሰፋሁላት ነበር። ጌዲ ጠዋት ቢመጣ ይሄንኑ ይሰማ ነበር፤ ታዲያ ለምን ይገድለዋል?»

«ይሄን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለማን ልነግር?»

«አሁንም አትንገሪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከእሱ ጋር ሱቅ ትሠሪ ነበር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የረምዚያ ፊት ፈታ አለ። «የጥርስ ሳሙና ነበር ሥራዬ። የተፋቀ ሲዲ ያመጡልናል፣ ብልጭልጩን በጥርስ ሳሙና አሽተን እናድነዋለን። ይድናል። በስዕሉ በኩል የተፋቀ ግን ሞቷል፤ ዘፈኑ ያለው ከስዕሉ ስር ነው።»

«ሰው ይሄን ያውቃል?»

«የት! ሰው ሁሉ ብልጭልጩን እንደ ዓይኑ ይጠብቅና ስዕሉን መሬት ላይ ይጥለዋል። ከድሩ በሆዱ ይስቅ ነበር እንጂ አይናገርም። ሙያ አይደለም እንዴ? ከተናገረ ማን እኛ ጋ ያመጣል?»

ተረፈች ሲዲዋን ወደ ከረጢቷ መለሰች። ለረምዚያም መልሳ ሰጠቻት።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሬሳው ከምርመራ እስኪመለስ፣ ጀዋሂርን፣ ሞቱማንና አክመልን ለየብቻ ጣቢያ አስጠራቻቸው። ለእያንዳንዱም ያንኑ ስምንተኛውን ሲዲ ሰጠችው፤ ጠረጴዛው ባዶ ጣውላ ነበር።

ጀዋሂር ሰበታ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ወፍራም፣ አንደበቷ የተሳለ ሴት ናት። ገና ከመቀመጧ ጀመረች።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው፣ እህቴ? በዚህ ጉልበቴ? እኔ ተመታበት የሚሉት ስታብላይዘር ቀርቶ ድስት ከእሳት ለማውረድ ሰው ነው የምጠራው።»

«ዘጠነኛዋ ትገኝ ብለሽ ስንት ዓመት ፈለግሽ?»

«ከሰርጌ በፊት ጀምሮ። ባሌ 'ሶስት ጎጆን ነው ያገባሽው' ይለኛል። ከድሩ ረቡዕ ደውሎ 'አገኘኋት' ሲለኝ በሱቄ መሃል እልል ብያለሁ፤ ደንበኛ ሁሉ ሰው የዳርኩ መስሎት መርቆኛል።» ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። «ዛሬ ነበር የምናያት። ዛሬ።»

«ማን ገደለው ትያለሽ?»

«ጌዲ ነዋ! ሌላ ማን ዛተበት?»

ሲዲውን ስትመልስ ሻርፗን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፤ ብልጭልጩን ወደ ላይ አድርጋ በጥንቃቄ አሳረፈችው። «እንዳይፋቅ» አለች።

ሞቱማ ሱሉልታ ላይ ወተት ነጋዴ ነው። በር የሚሞላ ሰው ቢሆንም ድምፁ ለስላሳ ነው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኖቹ ይናገራሉ።

«ነጉማ፣ ኦቦ ሞቱማ?»

«ሰላም ከየት ይመጣል?» ሲዲውን ተቀበለና አገላብጦ አየው። «ስምንተኛዋ። ይቺን ከከድሩ ጋር ነው የገዛናት፣ መርካቶ ሄደን። ዝናብ መትቶን፣ ሸሚዙን አውልቆ ሲዲዋን አለበሳት።» ባዶው ጣውላ ላይ አስቀመጣት፤ ስዕሉ ወደ ላይ ነበር።

«መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

«ረቡዕ፣ በስልክ። አገኘኋት ሲለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

«ቅዳሜ ጠዋት?»

«ወተት ሳከፋፍል ነበር፤ እዚያው ሱሉልታ።» ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ጎንበስ አለ። «እንደው እባክዎት፣ ልጁ እንዳይገደል። አክመል አብዷል። ጌዲ ተቆጥቶ ተናገረ እንጂ እጁ ለሰው አይነሳም። ደግሞስ ከድሩ ሲዲዋን ሊሰጠው አልነበረም እንዴ? የሚሰጥህን ሰው ትገድላለህ? ለጌዲ ልጆች እዘኑ፤ ሶስት ልጆች አሉት።»

«እናዝናለን» አለች ተረፈች፣ እጇን ዘርግታ እየሸኘችው።

አክመል ሲዲውን ተቀብሎ እንኳ አላየውም፤ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው ተሽከርክሮ መሬት ወደቀ። «በዚህ ቆሻሻ ነው ወንድሜ የሞተው! ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ ልትዪኝ ነው? ኳስ ሜዳ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ሰው ጠይቂ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ተረፈች ሄመንን ጠራችው። «መኪናውን ያዝና ሱሉልታ ሂድ። የምትፈልገውን በመንገድ ላይ በስልክ እነግርሃለሁ።»

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ከድሩ ተቀበረ። ከመቃብር የተመለሰው ሕዝብ ወደየቤቱ አልሄደም። የሟቹን ግቢ ከበበ፤ ዱላ የያዘም፣ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘም ነበር። ተረፈች ሳሎኑ ውስጥ ረምዚያን፣ አክመልን፣ ጀዋሂርንና ሞቱማን አስቀመጠች፤ ኦቦ ኦዳም ሽማግሌ ሆነው እንዲሰሙ ጠራቻቸው። ከዚያ የጓዳው በር ተከፈተና ጌዲ በሁለት ፖሊስ ተደግፎ ገባ።

አክመል ተስፈንጥሮ ተነሳ። «እዚህ? ወንድሜ ቤት?»

«ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» አሉት ኦቦ ኦዳ። «ሰው ለመግደል የቸኮለ፣ ለመስማት አይሰንፍም።»

አክመል ተቀመጠ፤ እጁን ግን ከጃኬቱ ውስጥ አላወጣም።

ተረፈች መሃል ቆመች። «ገዳዩ ሱቁን በሙሉ ጎልጉሎ የፈለገው ዘጠነኛዋን ሲዲ ነው። አላገኛትም። ምክንያቱም ከድሩ አርብ ዕለት ወደዚህ ቤት አምጥቷታል።» ረምዚያ ከረጢቷን አወጣች። ጀዋሂር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ስለዚህ ረምዚያ አይደለችም። የያዘችውን ማን ይፈልጋል?»

«እሱ ነዋ የሚፈልጋት!» አለ አክመል፣ ጌዲን እየጠቆመ።

«ቆይ። ሰውዬው ሲፈልግ አርባ ሶስት ሲዲ ከማቀፊያው አውጥቷል። ሬሳው ከጎኑ እየደማ፣ ልቡ እየዘለለ፣ እያንዳንዷን እያየ መሬት አኖራት። ሁሉንም ስዕሉን ወደ ላይ አድርጎ። ጀዋሂር፣ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ታኖሪያለሽ?»

«እኔማ ብልጭልጩን አላስነካም!»

«ጌዲም እንዳንቺው ነው ያኖረው። አክመል ወርውሮ ጣለው። የሲዲ ነፍስ በስዕሉ በኩል እንደሆነ፣ ብልጭልጩ ቢፋቅ እንደሚድን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ስዕሉን የሚጠብቀው። ይሄ የከድሩ ሙያ ነው፤ ለሰው አይናገርም ነበር። እንግዲህ ለአንድ ሰው ነግሯል ማለት ነው። እጅ የለመደውን ልብ ቢሸበርም አይረሳም። ያ ሰው ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ስምንተኛዋን ሲያኖር፣ ስዕሏን ወደ ላይ አደረጋት።»

 ሞቱማ መሬት መሬት ያያል።

«ሁለተኛው ነገር» አለች ተረፈች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጌዲን ለማዳን የተነገረ ደግ ቃል ነው። ኦቦ ሞቱማ፣ 'ከድሩ ሲዲዋን ሊሰጠው አልነበረም እንዴ?' አሉኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ከድሩ በሰው ሁሉ ፊት ከልክሎታል። ሊሰጠው የወሰነው አርብ ራት ላይ ነው፤ የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው፤ እሷም ለማንም አልተነፈሰችም። እርስዎ ከረቡዕ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ብለውኛል። የስልኩም መዝገብ አልተደዋወላችሁም ይላል። ታዲያ ማን ነገረዎት? ከአርብ ራት በኋላ፣ ቅዳሜ ሶስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከራሱ ከከድሩ አፍ ነው የሰሙት።»

ስልኳ ጠራ። ሄመን ነበር። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አደረገችው።

«ኢንስፔክተር፣ ከሞቱማ ግቢ፣ ከሣር ክምር ውስጥ ሸሚዝ አግኝተናል፤ ክንዱ በደም የተነከረ ነው። ሚስቱም 'ቅዳሜ ወተቱን ለሾፌሩ አስረክቦ በንጋት ቡራዩ ሄደ' ብላለች።»

ሞቱማ ራሱን ቀና አደረገ። ለማምለጥም ለመካድም አልሞከረም።

«እስከ እሑድ መቆየት አቃተኝ» አለ። «ልማዳችንን እኔ ነኝ ያፈረስኩት። አንዴ በዓይኔ ልያት ብዬ መጣሁ። ከድሩ 'ለጌዲ ልሰጣት ነው' አለኝ። ሃያ ዓመት የፈለግናትን! 'አንተ ኮፒ ትወስዳለህ' አለኝ። ስምንቱ ዋና ሆነው ዘጠነኛዋ ኮፒ? ለመንኩት። ሳቀ። 'ሞቱማ፣ አርጅተሃል እኮ' አለኝና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ ብረቱ እጄ ውስጥ ነበር።»

«ሙያውን ለምን ነገረህ?» አለች ረምዚያ። ድምፅዋ አልጮኸም።

«አምስተኛዋን ስዕሏን ፍቄ ገድያት ነበር፣ ድሮ። እንደ ሕፃን ሳለቅስ አይቶ ሌላ ፈልጎ ሰጠኝ። 'ላንተ ብቻ' ብሎ ነገረኝ።»

«በኮፒ ነው ባሌን የገደልከው?»



ያን ጊዜ አክመል ተወረወረ። ከጃኬቱ የወጣው የበሬ ማረጃ ቢላ ነው። ሞቱማ አንገቱን እንኳ አልሸሸገም፤ እንዲያውም ቀና አደረገለት። ተረፈች መሃል ስትገባ ስለቱ ክንዷን ከክርኗ በታች ሰነጠቀው፤ ደሙ የጀዋሂር ቀሚስ ላይ ተረጨ። ፖሊሶቹ አክመልን ግድግዳው ላይ ደፍተው ቢላውን ከእጁ ፈለቀቁት።

«ልቀቁኝ! ሰባት ጊዜ ነው የመታው! ሰባት!»

«ትናንት ደግሞ አንተ ሁለት ጊዜ መትተሃል» አለች ተረፈች፣ ክንዷን በሻርፗ ስታስር። «እየው።»

አክመል ዞሮ ጌዲን አየ። ጌዲ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወንበሩ ላይ ተጣጥፏል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ሲጮህ እሱ አልጮኸም። አክመል ግድግዳውን ተንሸራቶ ተቀመጠ።

ሞቱማን በጓሮ በር፣ ብርድ ልብስ አልብሰው አወጡት። ከፊት በኩል ያለው ሕዝብ በሩን መምታት ጀምሯል፤ «ጌዲን አውጡ!» ይላል። 

«ሰፈሩን ሙሉ የሰበሰብከው አንተ ነህ» አለችው ተረፈች አክመልን። «እኔ ብናገር አይሰሙኝም። ውጣና በትነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ጣቢያ ትመጣለህ፤ ለእሱ እጅም ለእኔ ክንድም ትጠየቃለህ።»

«እመጣለሁ» አለ አክመል።

ወጣ። ደረጃው ላይ ቆመ። ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦ «ጌዲ አይደለም! ተሳስቻለሁ! ያሳሳትኳችሁም እኔ ነኝ! የመታሁት ያለ ጥፋቱ ነው!» አንዱ ከኋላ «ታዲያ ማን ነው? እሱን ስጠን!» ሲል፣ «ሕግ ይዞታል። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ ሌላ ቀብር አልፈልግም። ወደየቤታችሁ!» አለ። ቤንዚን የያዙት መጀመሪያ አፍረው ሄዱ፤ ዱላ የያዙት ተከተሉ። መሸትሸት ሲል ግቢው ባዶ ሆነ።

ረምዚያ የከረጢቷን የቀረ ጎን ሰፍታ ጨረሰችና ጌዲ ጭን ላይ አኖረችለት። ጀዋሂር አንገቷን ደፍታ «አንተ ነህ ብዬ ነበር፤ ምላሴ ይቆረጥ» አለችው። ኦቦ ኦዳ በሽማግሌ ወግ ጉሮሯቸውን ጠርገው አክመልን በክንዱ ይዘው አቀረቡት።

«ልጄ ጌዲ፣ ይሄ ሰው ጥፋቱን አምኗል። እንግዲህ ይቅር ለእግዜር በለው።»

አክመል ተንበረከከ። ጌዲ ያበጡ ዓይኖቹን በግድ ከፍቶ አየው።

«ዛሬ አልችልም፣ ኦቦ። በአፌ ብል ውሸት ይሆናል።»

ሽማግሌው ሊናገሩ ሲሉ ተረፈች በዓይኗ ከለከለቻቸው።

«እሺ» አለ አክመል ከተንበረከከበት። «ምን ላድርግልህ ታዲያ?»

ጌዲ አሰበ። «ጣቶቼ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙኝም። ክሊኒኩ አሰረልኝ እንጂ አልገጠመም። ሰበታ ጎበዝ ወጌሻ አለ ይላሉ። ባጃጄ እዚያው እኔን ጎትታችሁ ካወረዳችሁበት ቦታ ቆማለች፤ መንዳት አልችልም።»

አክመል ተነሳ። ባጃጇን አምጥቶ በሩ ላይ አቆመ፤ ጌዲን ደግፎ ከኋላ አስቀመጠው፤ ከረጢቷን ራሱ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። ረጅም መንገድ ነው፤ መንገዱም ጉድጓድ ይበዛዋል። 

«ቀስ በል» አለ ጌዲ ከኋላ። «ይነዝረኛል።»

አክመል ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላቸው አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያስጮኸ አልፏቸው ሄደ፤ እነሱ ግን የመንገዱን ጠርዝ ይዘው፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞሩ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል ሄዱ።